በጎ ፈቃደኛው ሲመለስ ቆቦ ላይ ምን ይቀራል?

በራያ ቆቦ ቆላ ማሽላ ሲደርስ አርሶ አደሩ ከሁሉ በፊት የሚፈልገው እጅ ነው። ዛላው መቆረጥ፣ አገዳው መታጨድና መከመር፣ አውድማው መለቅለቅ አለበት፤ የግሪሳ ወፍ ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም። አንድ ቤተሰብ ብቻውን የማይወጣው ሥራ ነውና ወንፈል ይገባል። የወንፈል ሒሳብ በደብተር አይሰፍርም፤ ነገር ግን የሚረሳው የለም። ዛሬ አራት ሰው ይዞ የመጣ ጎረቤት የእሱ ቀን ሲደርስ አራት ሰው ይጠብቃል። ደቦ ከዚህ ይለያል፤ ጠሪው የሚበላውንና የሚጠጣውን አሰናድቶ ይጠራል፣ የተጠራውም ሠርቶ፣ በልቶ፣ መርቆ ይሄዳል። ሁለቱም ግን ግልጽ ውል አላቸው። ማን ምን ይዞ እንደሚመጣ፣ ማን ምን እንደሚያቀርብ አስቀድሞ ይታወቃል።

ከባሕር ማዶ ከሚመጣ በጎ ፈቃደኛ ጋር ሲሆን ይህ ግልጽነት ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ጽሕፈት ቤቱ በጀት ይጠብቃል፤ እንግዳው ዕውቀት ብቻ ይዞ ይመጣል። አርሶ አደሩ ዘርና ፓምፕ ይጠብቃል፤ እንግዳው መጠይቅ ያወጣል። ሁለት ሳምንት ወይም ሁለት ዓመት ቆይቶ ሲሸኝ ፎቶ ይነሳል፣ የምስጋና ወረቀት ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ምን እንደቀረ የሚመዘግብ የለም።

ጥያቄው አሁን መነሳቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ቆቦና አካባቢው በ2013 ዓ.ም. መኸር የበረሃ አንበጣ መንጋ ወርሮት የደረሰ ሰብል አጥቷል። ዓመቱ ሳይዞር ጦርነቱ ደረሰ፤ በ2014 ዓ.ም. ማብቂያም ተመልሶ መጣ። ከዚያ ለማገገም በሚደረገው ጥረት መካከል ደግሞ በ2017 ዓ.ም. የውጭ እርዳታ ከባድ መቀነስ ገጠመው። ለዓመታት ትልቁ ለጋሽ የነበረው የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ልማት ተራድኦ ድርጅት (ዩኤስኤአይዲ) በጥር ወር ሥራው ታገደ፣ በሰኔ መጨረሻም ራሱን ችሎ መቆሙ አበቃ። ገንዘቡ ሲቀንስ የሚቀረው የሰው ዕውቀትና የሰው ጊዜ ነው። የወረዳ አመራሮችም ሆኑ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ወደ በጎ ፈቃደኛ ድርጅቶች ፊታቸውን ማዞራቸው የሚጠበቅ ነው። በመሆኑም እነዚህ ድርጅቶች ከየት ተነስተው እንዴት እንዳደጉ፣ ዓላማቸውም በራሳቸው አንደበት ምን እንደሆነ ማወቁ ጥያቄ አስተካክሎ ለመጻፍ ይረዳል።

ሦስት ዓላማ፣ አንዱ ብቻ የልማት

ከሁሉም ስሙ የገነነው በተለምዶ ፒስ ኮር እየተባለ የሚጠራው የአሜሪካ የሰላም ጓድ ነው። ሐሳቡ በሕዝብ ፊት የተነሳው በጥቅምት 1953 ዓ.ም. ነው። ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደሩ የነበሩት ጆን ኬኔዲ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ እስኪመጡ ድረስ ሲጠብቋቸው ለነበሩ ተማሪዎች፣ ከመካከላቸው ሐኪም ሆኖ ጋና ሄዶ ለመሥራት ፈቃደኛ የሚሆነው ስንቱ እንደሆነ ጠየቁ። የካቲት 22 ቀን 1953 ዓ.ም. ድርጅቱ በፕሬዚዳንቱ ትዕዛዝ ተቋቋመ። ክረምቱ ሳይወጣ የመጀመሪያዎቹ መምህራን ጋና ገቡ። በአምስት ዓመት ውስጥ በሥራ ላይ ያሉት በጎ ፈቃደኞች ከ15 ሺህ በላይ ደረሱ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ወደዚያ ከፍታ አልተመለሰም። ቢሆንም እስከ ዛሬ ከ240 ሺህ በላይ ሰዎች ከ140 በላይ በሆኑ አገሮች አገልግለዋል።

እርግጥ ሐሳቡ የአሜሪካ ብቻ አልነበረም። እንግሊዛዊው አሌክ ዲክሰንና ባለቤታቸው ሞራ ቪኤስኦ የተባለውን ድርጅት የመሠረቱት እ.አ.አ በ1958 ነው፤ መጀመሪያ የላኩትም ትምህርታቸውን ገና የጨረሱ የ18 ዓመት ወጣቶችን ነበር። ጃፓን በ1957 ዓ.ም. የራሷን ወጣት በጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም ጀመረች። የተባበሩት መንግሥታት በ1963 ዓ.ም. የበጎ ፈቃደኞች ፕሮግራሙን አቋቋመ። ሁሉም በአንድ ዘመን የበቀሉ ናቸው። ቅኝ ግዛት እየፈረሰ፣ አዳዲስ አገሮች እየተወለዱ፣ ታላላቆቹ መንግሥታት ደግሞ ወዳጅ ለማፍራት የሚሽቀዳደሙበት ዘመን ነበር።

የሰላም ጓድን ከሌሎቹ የሚለየው ዓላማውን ሳይሸሽግ በሕግ መጻፉ ነው። ዓላማዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው የሠለጠነ የሰው ኃይል ለሚሹ አገሮች ያንን ማቅረብ ነው። ሁለተኛው ተቀባዩ ሕዝብ አሜሪካውያንን በተሻለ እንዲያውቅ ማድረግ ነው። ሦስተኛው አሜሪካውያን ሌላውን ሕዝብ በተሻለ እንዲያውቁ ማድረግ ነው። የወረዳ ኃላፊ ይህን ሲያነብ አንድ ነገር ሊያስተውል ይገባል። ከሦስቱ ልማትን የሚመለከተው አንዱ ብቻ ነው፤ ሁለቱ ስለ መተዋወቅ ናቸው። ስለዚህ በጎ ፈቃደኛው ፕሮጀክት አይደለም፤ በጀት ይዞ አይመጣም፣ ተሽከርካሪ አይሰጠውም፣ የሚከፈለውም የአካባቢው ሰው በሚኖርበት ልክ የሚያኖር አበል ነው። ሦስት ወር ያህል ቋንቋና ባህል ይማራል፣ ከዚያ ሁለት ዓመት ከማኅበረሰቡ ጋር ይኖራል። ተቀባዩ የሚያቀርበው ደግሞ ቤት፣ ሥራና አብሮት የሚሠራ ሰው ነው። በወንፈል ቋንቋ ሲነገር ውሉ ይኸው ነው።

ላኪው ከውሉ የሚያገኘውም ቀላል አይደለም። በወጣትነታቸው ኢትዮጵያ ውስጥ መምህር የነበሩት ፖል ሶንጋስ በኋላ የማሳቹሴትስ ሴናተር ሆነዋል፤ መቱ ላይ ያገለገሉት ጆን ጋራሜንዲ ደግሞ የኮንግረስ አባል ሆነዋል። ገጠር ውስጥ ሁለት ዓመት የኖረ ሰው በትልቅ ወንበር ላይ ሲቀመጥ አገሩ ያገኘችው ዕውቀት ነው። ይህን በሐሜት መልክ ማንሳት አያስፈልግም፤ ሕጉ ራሱ ያለው ነው።

በኢትዮጵያ የታየው

ኢትዮጵያ ከድርጅቱ የመጀመሪያ አገሮች አንዷ ነበረች። ለ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ወደ 280 የሚጠጉ በጎ ፈቃደኞች አዲስ አበባ ገቡ፤ በዚያን ጊዜ ወደ አንድ አገር ከተላከው ሁሉ ትልቁ ቡድን ነበር። የመሩት የኬኔዲ ረዳት የነበሩት ሃሪስ ዎፎርድ ናቸው። አብዛኞቹ ደሴን ጨምሮ በየክፍለ ሀገሩ በነበሩ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ። የሁለተኛ ደረጃ መምህር በጣት በሚቆጠርበት ዘመን ይህ ቁጥር የትምህርት ቤቶቹን መልክ የለወጠ ነበር።

ተቃውሞ ግን አልዘገየም። በ1961 ዓ.ም. ተማሪዎች ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ የሰላም ጓድ መምህራን ይውጡ የሚል ነበር። ተማሪው የጠላው መምህሩን ሳይሆን ከመምህሩ ጀርባ ያለውን መንግሥት ነው ማለት ይቻላል። ድርጅቱ ከአብዮቱ በኋላ በ1969 ዓ.ም. ገደማ ወጣ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ተመልሶ የኢትዮ ኤርትራ ጦርነት ሲነሳ ዳግም ወጣ። በኢትዮጵያ ሚሊኒየም አካባቢ ለሦስተኛ ጊዜ መጥቶ በጤና፣ በእንግሊዝኛ ትምህርት፣ ቀጥሎም በአካባቢ ጥበቃና በምግብ ዋስትና ሲሠራ ቆየ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ደግሞ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ60 በላይ ከሆኑ አገሮች ወደ 7 ሺህ የሚጠጉ በጎ ፈቃደኞቹን በሙሉ ወደ አገራቸው ጠራ። ይህን መምጣትና መሄድ ማስታወስ ለወረዳ ዕቅድ አውጪ ጥቅም አለው። እንግዳው የሚሄድበትን ቀን የሚወስነው ቆቦ አይደለም፤ ዋሽንግተን፣ ወረርሽኝ ወይም ጦርነት ሊሆን ይችላል።

አገሪቱ የራሷንም ሞክራለች። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ እንዲያገለግሉ የሚያስገድደው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀመረ። ግዴታ ስለነበር በጎ ፈቃድ ሊባል አይችልም፤ ሆኖም የከተማ ልጅ ገጠርን ያወቀበት መንገድ ሆኗል። በ1965 ዓ.ም. የወሎን ረሃብ በፎቶ ይዘው አዲስ አበባ ላይ ያሳዩት የዩኒቨርሲቲው መምህራን መሆናቸው የሚታወስ ነው። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራንን ወደ ገጠር አወረደ። በዛሬው የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ውስጥ የእነዚህ ሁሉ ጥላ አለ።

ፈንጣጣ እንዴት ጠፋ?

በጎ ፈቃደኛ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከታዩት ሁሉ ጉልህ የሆነው የፈንጣጣ ጉዳይ ነው። የማጥፋት ዘመቻው በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1963 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ በሽታው ከቀረባቸው የመጨረሻዎቹ አገሮች አንዷ ነበረች። መንገድ የለም፣ ሰው በተራራና በበረሃ ተበትኖ ይኖራል፣ የጤና ሠራተኛው ጥቂት ነው። ኢትዮጵያውያን የጤና ባለሙያዎች ከአሜሪካ፣ ከጃፓንና ከኦስትሪያ ከመጡ ወጣት በጎ ፈቃደኞች ጋር ተጣምረው በእግርና በበቅሎ ተጓዙ። የመጨረሻው የኢትዮጵያ በሽተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ኦጋዴን ውስጥ ዲሞ በተባለች መንደር ተገኘ። ከዚያ በኋላ የለም። አብዮት፣ ረሃብና ግጭት በተፈራረቁባቸው ዓመታት የተሠራ ሥራ ነው።

ለምን ተሳካ የሚለው ለግብርናውም ይጠቅማል። ሥራው አንድ ነበር። በሽተኛውን ፈልጎ ማግኘት፣ በዙሪያው ያለውን ሰው መከተብ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው መንደር ማለፍ። መሣሪያው ሁለት ጫፍ ያላት ትንሽ መርፌ ነበረች፤ አጠቃቀሟን ለመልመድ የሕክምና ትምህርት አያስፈልግም። ስለዚህ ከባሕር ማዶ የመጣው ልጅ የያዘውን ችሎታ ለአካባቢው ሰው በአጭር ጊዜ አስተላልፎ መቀጠል ችሏል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የውጭው ሰው ብቻውን አልሄደም። ቋንቋውን፣ ሽማግሌውን፣ መንገዱን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ከጎኑ ነበር። ሥራው ማለቁም የሚታወቅ ነበር፤ አዲስ በሽተኛ ካልተገኘ አልቋል።

ከቆቦ በስተሰሜን ያለችው ኮረም ደግሞ ሌላውን ገጽ አይታለች። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ኮረም ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ ስቃይ በዓለም ቴሌቪዥን ሲታይ ሐኪሞችና ነርሶች ከአውሮፓ ጎረፉ። የዳነው ነፍስ ብዙ ነው፤ ከራያ ቆላ ወጥተው እዚያ የነበሩ ዛሬም ይመሰክራሉ። ነገር ግን የአደጋ ጊዜ በጎ ፈቃደኛ የሚመጣው ነፍስ ለማዳን ነው፤ ማሳ አያለማም፣ እንዲያለማም አይጠበቅም። ከመንግሥት ጋር ሲጋጭም ይወጣል። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን የፈረንሳይ ክፍል የሠፈራ ፕሮግራሙን በይፋ በመቃወሙ በ1978 ዓ.ም. ከአገር ተባርሯል። ሁለቱን ዓይነት በጎ ፈቃደኛ አንድ አድርጎ ማየት፣ የልማቱን ሰው የእርዳታ እህል እንዲያመጣ መጠበቅ፣ ብዙ ቅሬታ የሚወለድበት ቦታ ነው።

ገበሬ ለገበሬ

ለግብርናው ቅርብ የሆነው ፕሮግራም ገበሬ ለገበሬ የሚባለው ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1978 ዓ.ም. በግብርና ሕጉ ውስጥ አካትቶ ያቋቋመው ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የካቶሊክ የተራድኦ አገልግሎትን በመሳሰሉ ድርጅቶች በኩል ሲሠራ ቆይቷል። ባለሙያው ለሁለት ዓመት ሳይሆን ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይመጣል። ደመወዝ የለውም፤ ጉዞውና ማረፊያው ይሸፈናል። አንዳንዱ ጡረታ የወጣ የአፈር ባለሙያ ነው፣ ሌላው ራሱ አርሶ የሚበላ ገበሬ።

ፕሮግራሙ ስሙን ከያዘላቸው ሰዎች አንዱ ጆን ኦጎኖውስኪ ናቸው። የማሳቹሴትስ ገበሬና የአውሮፕላን አብራሪ ነበሩ። ከካምቦዲያ ተሰደው ለመጡ ገበሬዎች ከመሬታቸው ከፍለው እንዲያርሱ ሰጡ፣ በሙያም አገዟቸው። ስደተኞቹ የአገራቸውን አትክልት ያመርቱበት ጀመር። መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ላይ ከሕንጻ ጋር ከተጋጨው የመጀመሪያ አውሮፕላን አብራሪ እሳቸው ነበሩ። ኮንግረሱ ፕሮግራሙን በስማቸው የሰየመው ከዚያ በኋላ ነው። የእሳቸው በጎ ፈቃድ ፓስፖርት አልጠየቀም፤ ችግሩ ወዳለበት ማሳ ወርደው ነው የሠሩት፣ ማሳውም የራሳቸው ነበር።

የፕሮግራሙ ጥንካሬም ድክመትም ከአጭርነቱ ይመነጫል። ዩኒየን ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበር ችግሩን ጽፎ ያቀርባል፤ ለዚያ ችግር የሚስማማ ሰው ይፈለጋል፤ መጥቶ ያሠለጥናል፣ ምክሩን ጽፎ ይሄዳል። ጥያቄው ጥርት ያለ ከሆነ ሁለት ሳምንት ብዙ ነው። ጥያቄው «የአርሶ አደሩን አቅም መገንባት» የሚል ከሆነ ግን ሁለት ዓመትም አይበቃም። የባለሙያው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ከቀረ ደግሞ ከጽሕፈት ቤቱ መሳቢያ አልፎ ቀበሌ አይደርስም።

ቆቦ ምን ብሎ ይጠይቅ?

የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲጀመር ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ መስኖ ወደ ማሳ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ሽንኩርትና ቲማቲም የአካባቢው የገንዘብ ሰብል ሆነዋል። ችግሩ ሁሉም በአንድ ሰሞን ማውጣቱ ነው። ገበያው ይሞላል፣ ዋጋ ይወርዳል፣ ደላላው ማሳ ድረስ መጥቶ በፈለገው ዋጋ ይወስዳል። ማቆየት የቻለ ያተርፋል። ሽንኩርት ግን እንዲቆይ ከማሳው ጀምሮ መዘጋጀት አለበት። በመጨረሻው ሰሞን ዩሪያ የበዛበት ሽንኩርት አንገቱ ይወፍራል፣ አይደርቅም፣ በዚያው በኩል ይበሰብሳል። ከመውጣቱ ከሁለት ሦስት ሳምንት በፊት ውኃ ሊቆምለት ይገባል። ከወጣ በኋላ አንገቱ እስኪጠብና ልጣጩ እስኪንኮሻኮሽ በጥላ ሥር መድረቅ፣ ከዚያም ከመሬት ከፍ ባለና ከሥር ነፋስ በሚገባበት ርብራብ ላይ መቀመጥ አለበት። ይህ እንግዲህ የሦስት ሳምንት እንግዳ ሊያስተምረው የሚችል፣ ውጤቱም በኪሎ የሚለካ ሥራ ነው። ስንት ኩንታል ገባ፣ ከሁለት ወር በኋላ ስንት ወጣ፣ በስንት ተሸጠ ብሎ መመዝገብ ይቻላል።

የጠብታ መስኖም እንዲሁ ነው። ቱቦው በደለልና በጨው ይደፈናል። ማጣሪያው ካልታጠበ፣ የቱቦው ጫፍ በየጊዜው ተከፍቶ ካልተለቀቀ ውኃው ለመጨረሻው ተክል አይደርስም። ለዚህ የሚያስፈልገው የጥገና ልማድና በየመስኖ ተጠቃሚዎች ማኅበሩ አንድ ሁለት የሠለጠነ ሰው ነው። የእሱን ሥልጠና ከውጭ ባለሙያ መጠየቅ ይቻላል፤ ከሌላ ወረዳ ከመጣ መካኒክ መጠየቅም ይቻላል።

ማሽላው ግን ከባድ ነው፣ ትምህርቱም ረዥም ነው። አቀንጭራ ከማሽላው ሥር ተጣብቆ የሚመጥ አረም ነው። አንዱ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ደቃቅ ዘር ይበትናል፤ ዘሩ አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ይህን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን በማውጣት ስማቸው የተነሳው ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ እ.አ.አ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተቀብለዋል። ከሥራቸው ፍሬዎች ሁለቱ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ ተለቀዋል፤ አንዱ «አብሽር»፣ ሌላው ከራያ ቆቦዋ ከተማ ጋር ስም የሚጋራው «ጎብዬ» ነው።

የገቢሳ መንገድ ራሱ የሚያስተምር ነው። የተማሩት በጅማ እርሻ ትምህርት ቤትና በዓለማያ ኮሌጅ ነው። ሁለቱም ተቋማት የቆሙት ከኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በመጡ መምህራን እገዛ ነው። እነዚያ መምህራን በውል የተቀጠሩ እንጂ በጎ ፈቃደኞች አልነበሩም። ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው አንድን የገጠር ልጅ አስተምሮ ሲሄድ ምን ሊቀር እንደሚችል ግን ከዚህ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ይላል። ማሳ ላይ ሲደርስ ግን ሌላ ነገር ታየ። አቀንጭራን የሚቋቋሙት ዝርያዎች አጭርና ፈጥነው የሚደርሱ ናቸው። የራያ አርሶ አደር ደግሞ ከማሽላ የሚፈልገው እህል ብቻ አይደለም። እንደ ጅጉርቲ ያለው ረዥሙ ያገሬው ማሽላ አገዳው ለከብት መኖ፣ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ይሆናል። አጭር ማሽላ ለሰው ቢበቃ ለበሬው አይበቃም። ቀድሞ የደረሰ ማሽላም አካባቢው ገና አረንጓዴ ሳለ ወፍ ሁሉ የሚሰበሰብበት ይሆናል። አርሶ አደሩ አዲሱን ዝርያ ለመቀበል ሲያመነታ «ለውጥ አይወድም» ተብሎ ይጻፍበታል፤ እሱ ግን ያመነታው በሬውን አስቦ ነው። ያገሬውን ዝርያ ባሕርይ ከአቀንጭራ መከላከያው ጋር ለማጣመር የተሻለ ዕድል ያለው ቆቦ ላይ የሙከራ ጣቢያ ያለው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው፤ ሥራው በየዓመቱ የሚቀጥል እንጂ በአንድ እንግዳ ጉብኝት የሚያልቅ አይደለም። ለማሽላ ዝርያ የሁለት ሳምንት በጎ ፈቃደኛ መጠየቅ የተሳሳተ ጥያቄ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ውሉን ማን ይጽፋል?

ከላይ የተነሱት ጉዳዮች ሁሉ ወደ አንድ ሰው ያመራሉ፤ ወደ ልማት ጣቢያ ሠራተኛው። ለፈንጣጣው ዘመቻ ኢትዮጵያዊው የጤና ባለሙያ የነበረውን ቦታ በግብርናው የሚይዘው እሱ ነው። እንግዳው ሲመጣ አስተርጓሚ ተደርጎ ከተመደበ፣ ሲሄድ ሌላ ሥራ ይሰጠዋል፤ የተማረው ሳይውል ሳያድር ይረሳል። ከመጀመሪያው የሥራው ባለቤት ሆኖ ከተመደበና እንግዳው ረዳቱ ከሆነ ግን በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከሉ ማሳ ላይ ራሱ ይደግመዋል። ችግሩ ባለሙያው ከቀበሌ ቀበሌ፣ ከወረዳ ወረዳ ቶሎ ቶሎ መዛወሩ ነው። ስለዚህ ከእሱ ጎን ሁለትና ሦስት አርሶ አደሮች፣ ከእነሱም ሴቶች፣ አብረው ቢሠለጥኑ ዕውቀቱ ከዝውውር ይድናል። አርሶ አደር አይዛወርም።

ከባሕር ማዶ የሚመጣው ቁጥር በዚህ ሰሞን እየጨመረ ነው ማለት አይቻልም። በአሜሪካው ተራድኦ ድርጅት በጀት ይንቀሳቀስ የነበረው ገበሬ ለገበሬም ከማዕበሉ አላመለጠም። የጸጥታው ሁኔታም የውጭ ዜጋን እንቅስቃሴ ይገድባል። በሌላ በኩል ድርጅቶቹ ራሳቸው መልካቸው ተለውጧል። የተባበሩት መንግሥታት በጎ ፈቃደኞች አብዛኞቹ የሚመለመሉት ከታዳጊ አገሮች ነው፤ ቪኤስኦም በየአገሩ በሚገኙ የአገር ውስጥ በጎ ፈቃደኞች መሥራትን መንገዱ አድርጓል። ለቆቦ የሽንኩርት አምራች ማኅበር የሚስማማው ባለሙያ ከአዮዋ ሳይሆን ከመቂ ወይም ከወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ሊመጣ ይችላል። አማርኛ ለሚችል ሰው አስተርጓሚ አያስፈልገውም፤ ሲሄድም በስልክ ይገኛል።

ከየትም ይምጣ፣ ጥያቄውን የሚጽፈው ወረዳው ወይም ማኅበሩ ነው። የትኛው ሰብል፣ የትኛው ቀበሌ፣ ምን ተበላሸ፣ በመጨረሻ ምን ይለካል፣ አብሮ የሚሠራው ማን ነው የሚለው በአንድ ገጽ ሊያልቅ ይችላል። ጊዜውም ከሰብሉ ጋር መገጠም አለበት። የቆቦ የመስኖ ሽንኩርት ችግኝ መደብ ላይ የሚፈላው ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ ወደ ማሳ የሚዛወረውም ከጥቅምት ጀምሮ። ባለሙያ ተፈልጎ፣ ቪዛ ወጥቶ ወይም ከዩኒቨርሲቲው ፈቃድ ተገኝቶ እስኪደርስ ወራት ይፈጃል። ጥያቄው በግንቦት ካልተጻፈ እንግዳው የሚደርሰው ሽንኩርቱ በጆንያ ተጭኖ ደሴ ከገባ በኋላ ነው።